ክምሩ ይነሳ

አጎቴን ክንዱን ባሕር ዳር ሙሉ ይጠላው ነበር። ሥራው ነበር።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋብሪካ ውስጥ ክር ይፈትላል። ቅዳሜ ባላባት ነው። በፋብሪካው ኪነት ቡድን ሌላው አክተር አንዴ ጀግና ወዛደር፣ አንዴ ዘማች፣ አንዴ የተጨቆነ ጭሰኛ ይሆናል፤ እየተቀያየረ። ክንዱ ግን ያው ነው። ካባ ደርቦ አለንጋ ይዞ ይገባል፤ ጭሰኛ ይገርፋል፤ የጭሰኛውን ሚስት ያስለቅሳል፤ መጨረሻ ላይ ሰፊው ሕዝብ እግሩን ይዞ እየጎተተ ያወጣዋል። ጣጣው መልኩ ነው። ረጅም፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ፤ ሰው ሲያይ ያ ሰው የቆመበት መሬት የሱ ነው የሚመስለው።

የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ካገኙት የበሉትን የማንጎ ፍሬ ያነጣጥሩበታል።

«ባላባቱ መጣ! ባላባቱ!»

እሱ ይቆማል። ቀስ ብሎ ይዞራል። የመድረክ ድምፁን ያወጣል።

«ግብሬን ያላመጣው ማነው?»

ልጆቹ እየጮኹ ይበተናሉ። እኔ በማዶ በኩል፣ ቦዩን ቦዩን ይዤ እሄዳለሁ። ምንሽ ነው ብለው ቢጠይቁኝ አላውቀውም ለማለት ተዘጋጅቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። መምሰልና መሆን የተለያዩ ናቸው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

የምንኖረው ግሽ አባይ ነው፤ አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ፤ እናቴ የብርጓል፣ እኔና እሱ። አባቴ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ እዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነች። ክንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከሱ ሌላ ሰው አልነበራትም።

አንድ ቅዳሜ ቡድኑ መሸንቲ ሄደ። የገበያ ቀን ነው፤ ጭነት መኪና ላይ ነው የሚጫወቱት። ክንዱ አለንጋውን አንስቶ ጭሰኛውን ሊገርፍ ሲል አንድ ገበሬ ከሕዝቡ መሃል ዘሎ ወጣ። በሽመሉ አናቱን አለው። ደም ፊቱን ሞላው። ገበያው በሙሉ አጨበጨበ።

ማታ እናቴ ቁስሉን በአልኮል ስታጥብለት ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መሰለኝ። ቀና ሲል እየሳቀ ነው፤ እንባው እየወረደ።

«አመነኝ እኮ እቴ! ሰውዬው አመነኝ!»

«ዝም በል፣ ያምሃል።»

«ሰው እንዲህ ካመነኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ገበሬው አወቀው አልሁ። ድሮ የገረፈው እውነተኛ ባላባት ነው፤ ዛሬ ተያዘ። ብዙ ጊዜ እንዲያ ሳምን ኖርሁ። የአያቴ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሀብት ዘጌ ውስጥ አንድ ዳዊትና ጥቂት ፍየል ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ክንዱም ዳዊቱን በቃሉ ጨርሶ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ሊመረቅ ሲል ጠፍቶ ነው ፋብሪካ የገባው። አባቱ ይህን ይቅር ሳይሉት ሞቱ።

በ1976 ኅዳር ላይ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል የሚሆን ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ መርስዔ ኀዘን የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። አብሮት ጺማም ካሜራማን አለ። ሁለቱን የሚያዛቸው ደግሞ ጓድ አለበል ነው፤ ከክፍለ ሀገር የተላከ ካድሬ፤ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ።

ታሪኩ መሸንቲ አካባቢ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ነው። መጀመሪያ ላይ ባላባት ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ የምርት ክምር። ባላባቱ ማን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም።

ክንዱ በመጀመሪያው ቀን ገባ፣ ተደበደበ፣ አለቀለት። ወደ ቤት ሂድ አሉት። አልሄደም። ከመርስዔ ኀዘን ጀርባ ሄዶ ቆመ። በማግስቱም እዚያው ነው።

«ከዚህ በኩል ለምን አታነሱትም? ከዚያ ፀሐዩ ከኋላው ነው፤ ሰውዬው ጥላ ብቻ ነው የሚመስለው» ይላል።

መርስዔ ኀዘን ይስቃል። ያነሳዋል። ክንዱ ወዳለው በኩል ዞሮ።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩን ወባ ጣለው። ጀምበር ስትጠልቅ ጣና ዳር መንሸራሸር ይወድ ነበር፤ ሰዎች ተው እያሉት። ጓድ አለበል ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«ጓድ፣ በዓሉ አይጠብቅም። ማን ይጨርሰው?»

መርስዔ ኀዘን ጥርሱ እየተፋጨ «ባላባቱ» አለ።

አጎቴን ዳይሬክተር አድርጎ የሾመው ወባ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

«እቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልመታም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን?»

«ዳይሬክተር።»

«ምን ያደርጋል እሱ?»

«ያያል።»

«ማየትም ሥራ ሆነ?» አለች እናቴ። ሽሮውን አማሰለች።

ክምሩ የሚነሳ ዕለት እናቴ ፈረቃ ላይ ስለነበረች ይዞኝ ሄደ። አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። የጓድ አለበል ሹፌር ከፊት አስቀመጠኝ፤ ንግሥት ነኝ።

አውድማው በእበት ተለቅልቆ ተጠርጓል። ገበሬዎቹ አንድ ዓይነት ነጭ ኩታ ለብሰው ተሰልፈዋል። አውድማው ዳር ላይ ያመረቱት ጤፍ አለ። የዚያን ዓመት ተምች ገብቶባቸው ነበር። ክምሩ የተኛች ድመት ነው የሚያህለው።

ጓድ አለበል በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄ ነው ለዐሥረኛ ዓመት?»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሬት መሬት አየ። «ተምቹ ነው ጓድ።»

«ተምች አብዮት አያውቅም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ከረፋዱ በኋላ ከከተማ አንድ ጭነት መኪና መጣ። ጆንያ ሙሉ ጤፍ። አወረዱት፣ ፈቱት፣ አውድማው መሃል ላይ አፈሰሱት። ክምሩ አደገ። ጎጆ አከለ። አቧራው አፍንጫዬ ገባ፤ ጤፉ እግሬ ጣቶች መሃል ገባ፤ እንደ ውሃ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት አሮጊት እንባዋን ጠረገች። መንግሥት ለነዚህ ሰዎች ጤፍ አመጣላቸው አልሁ። ደስ አለኝ። እኔም እልል አልሁ።

አነሱ። ገበሬዎቹ ላይዳ ይዘው ጤፉን ወደ ነፋስ ወረወሩ። ዘፈኑ። እንደገና ዘፈኑ። ክንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዱን ገበሬ «ወንድምዓለም፣ ካሜራውን አትይ፣ ጤፉን እይ» ይለዋል። ገበሬው «አይቼ አልጠግብ አልሁ እኮ!» ይላል። ይሄኔ ሁሉም ሳቁ። ክንዱ አልሳቀም።

ሲያልቅ ጓድ አለበል ሰዓቱን አየ። እጁን ከፍ አደረገ።

«በቃ! ክምሩ ይነሳ!»

ገበሬዎቹ ባዶ ጆንያዎቹን ዘረጉና መልሰው ይሞሉ ጀመር። ካሜራማኑ ዕቃውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ክንዱ ከድንጋዩ ተነሳ።

«ምን ታደርጋለህ? ክምሩ ይነሳ ተብሏል።»

ካሜራማኑ ቀና አለ። «እና?»

«አንሳዋ።»

«ምኑን?»

«ክምሩን። ሲነሳ።»

ካሜራማኑ ክንዱን አየው። ጆንያዎቹን አየ። ጺሙ ውስጥ ፈገግ አለና ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለ። ካሜራው እየተንጨረጨረ ይዞር ጀመር።

ጓድ አለበል ሰማው። ዞር አለ።

«አላለቀም እንዴ?»

«ትንሽ ቀረች ጓድ» አለ ክንዱ።

«እኔም ልግባ?»

«ቢገቡማ ደስ ይለናል። ከመኪናው ጎን፣ መሃሉ ላይ ይቁሙ።»

ጓድ አለበል ኮሌታውን አስተካከለ። መሃሉ ላይ ቆመ። ጆንያዎቹ በጎኑ እያለፉ መኪናው ላይ ሲወጡ በጣቱ ወዲህ፣ ወዲያ እያለ ያዛል። ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

መኪናው ሲሄድ ቅድም እንባዋን የጠረገችው አሮጊት፣ አገርነሽ ይሏታል፣ ቅጠል ነጭታ መጣች። መሬቱን ጠረገች። አቧራውንም፣ እበቱንም፣ ጤፉንም ሰፌዷ ላይ ሰበሰበች። ካሜራው አሁንም ይንጨረጨራል። ቀና ብላ ክንዱን አየችው።

«ምን ቀርቶህ ነው ልጄ?»

«እርስዎ ነዎት የቀሩኝ፣ እናቴ።»

ስንመለስ ጓድ አለበል ከፊት ተቀምጧል። እኔ ከኋላ ከክንዱ ጋር ነኝ።

«ጋሼ፣ ጤፉን ወፍጮ ነው የወሰዱላቸው? መቼ ነው የሚመልሱላቸው?»

እጁን አናቴ ላይ አደረገ። አያውቅም ማለት ነው ብዬ ተውሁት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄደ። «ሊታጠብ ነው» አሉ። ጣና ዳር ድንጋይ ላይ እየደበደቡ በእንዶድ የሚያጥቡት መሰለኝ፤ እንደ ጋቢ። ብዙ ወራት ቆየ። ጋቢም ይሄን ያህል አይቆሽሽም አልሁ።

ግንቦት ላይ ታጥቦ መጣ። አንድ ቢሮ ውስጥ አንሶላ ሰቅለው ለትላልቅ ሰዎች አሳዩት። የሆነውን የነገረኝ ካሜራማኑ ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ አግኝቼው። ክምሩ ሲያድግ አጨበጨቡ። ክምሩ ሲያንስ ዝም አሉ። ከዚያ ጓድ አለበል አንሶላው ላይ መጣ፤ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ እየሳቀ፣ የገበሬውን እህል እያስጫነ። አንድ ሰው ሳለ። አገርነሽ በሰፌዷ ስትጠርግ መብራት አብሩ ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ቦኖ ተሰልፌያለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አደይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች። ከፊቴ ለቆመችው ሴት በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ክንዱን ከፋብሪካው በር አነሱት።»

በኛ ሰፈር ያን ጊዜ «አሰሩት» አይባልም። ቃሉ ራሱ የሚያሳስር ይመስል፣ «አነሱት» ነው የሚባለው። ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የማውቀው ማንሳት አንድ ብቻ ነው፤ ካሜራ ያለበት። ያን ሰሞን ሌላውን ሲያነሳ የነበረው አጎቴ በመጨረሻ እሱ ራሱ ተነሳ! ያውም ፋብሪካው በር ላይ! ያውም ካለ ካባ!

ጀሪካኔን ወርውሬ ሮጥሁ።

«አጎቴን አነሱት! ጋሼ ክንዱን አነሱት!»

ያን ቀን አላፈርሁበትም። በመሃል መንገድ ነው የሮጥሁት። እየዘለልሁ፣ እያጨበጨብሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ፔዳሉን አቆሙ። አንዲት ሴት ከሱቅ ወጥታ አፌን ያዘችኝ።

«አንች ልጅ፣ ልታስፈጂን ነው?»

ነከስኋት። ሮጥሁ። የማንጎ ፍሬ የሚወረውሩት ልጆች ጨዋታ መሰላቸውና ተከተሉኝ።

«ባላባቱን አነሱት! ከፋብሪካው በር አነሱት!»

በዘንባባው ሥር በሙሉ እንዲያ ስንጮህ ሄድን። ፋብሪካው ጋ ስንደርስ የሌሊቱ ፈረቃ እየወጣ ነው። ዘበኞቹ በሩ ላይ ቆመዋል። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ በመሃላቸው ያልፋል። እናቴን አየኋት። ጥጥ ፀጉሯ ላይ አለ።

«እማ! ጋሼን አነሱት! አላየሽም እንዴ? እዚህ ነው ያነሱት!»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደስታ እንዲህም ያደርጋል አልሁ። ከዚያ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሠራተኛው ቆሟል። ሁሉም ከንጋት ጀምሮ ያውቃሉ፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም። አሁን ግን አንዲት ፍንጭት ልጅ በዘበኞቹ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ፣ አውጥታዋለች። ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም ማለት አይቻልም።

«ቀበሌ ነው ያለው» አለ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ። ኮፍያውን አደረገ። «እኔ በዚያ በኩል ነው መንገዴ።»

የሁሉም መንገድ በዚያ በኩል ሆነ።

ዛሬም ባሕር ዳር ስሄድ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች «ያች ደፋር» ይሉኛል። ደፋር አልነበርሁም። ደስ ብሎኝ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ውጡ ቢባሉ የሚወጡ አልሆኑም። ጓድ አለበል መጣ። ሕዝቡን አየና መላ ዘየደ፤ እንግዲያውስ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ ሁሉም ሰምቶ ይማርበታል። ክንዱን አመጡት። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ካሜራ ፈለግሁ። የለም። ውስጥ ነው የሚሆነው አልሁ።

«የእህሉን መኪና አንሳ ብሎ ማን አዘዘህ?» አለ ጓድ አለበል።

«እርስዎ ነዎት ጓድ።»

«እኔ!»

«ክምሩ ይነሳ አሉ። አነሳሁት።»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።

«ይነሳ ያልሁት ይጫን ለማለት ነው!»

«ይጫን ቢሉኝማ እጭን ነበር» አለ ክንዱ። «ለዳይሬክተር ይነሳ ከተባለ ግን ያነሳል። ሌላ ምን ያደርጋል?»

«ውሸት ነው! እንዲያ አላልሁም! ማን ሰማ?»

እጄን አወጣሁ። እናቴ መልሳ ጎተተችው። ሌላውን እጄን አወጣሁ።

«እኔ ሰምቻለሁ! በቃ ክምሩ ይነሳ አሉ፤ እጃቸውንም እንዲህ አደረጉ። ጋሼ ክንዱም አነሳው። ከዚያ እኔም ልግባ አሉ። እሳቸውንም አነሳቸው። ኮሌታቸውን እንዲህ፣ እንዲህ አድርገው!»

መጀመሪያ የሳቀው ያ ሽማግሌ ነው። ከዚያ የሽመና ክፍል ሴቶች። ከዚያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ሳቀ። ክንዱ አንገቱን ደፋ። በኔ ያፈረ መሰለኝ። ከንፈሩን ነክሶ እንደነበር በኋላ ነው የነገረኝ። ሰውዬው ቅኔ ቤቱን ጥሎ ጠፋ እንጂ ቅኔው እሱን ጥሎ አልጠፋም።

ጓድ አለበል ቂል አልነበረም። የሳቀ አዳራሽ አይታሰርም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክንዱ ይፈታል። ካሜራ ግን ዳግመኛ አይነካም። ለዐሥረኛው በዓል አዲስ ተውኔት ተጽፏል፤ ባላባቱን እሱ ይጫወታል። ባላባቱ በውሸት ካሜራ የገበሬውን ስም ያጠፋ አሻጥረኛ ነው። መጨረሻ ላይ ይንበረከካል። ዋሸሁ ይላል።

«በራስህ አፍ» አለው። «ጎበዝ አክተር ነህ መቼም።»

እናቴ እልል አለች። ክንዱ ዝም አለ። እሺ ያለ መሰለኝ። ለጓድ አለበልም የመሰለው እንደዚያ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ቃሉን ሲያጠና ሰማሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ ግድግዳውን እያየ ይለዋል። ዋሸሁ፤ ሰፊው ሕዝብ ሆይ፤ ዋሸሁ። እኔም በቃሌ ያዝሁት። ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ይከራከራሉ።

«ልጅ አለችን ክንዱ። ለደቂቃ ተንበርክከህ ትመጣለህ። ስንቴ ተንበርክከህ የለም?»

«እቴ፣ እስከ ዛሬ የተንበረከከው ሌላ ሰው ነው። እኔ ጀርባው ቆሜ ነው የማንበረክከው። አሁን ግን እኔኑ ሁን ነው የሚሉኝ።»

«አክተር አይደለህ?»

«ነበርሁ።»

«እና ምን ላደርግ ነው እኔ? ንገረኛ! ስንቅ ላመላልስ?»

ክንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መስከረም ገባ። አዳራሹ ቀይ በቀይ ሆኗል። ከፊት እንግዶቹ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ እኛ። መጀመሪያ ፊልሙን አሳዩ። ክምሩ አደገ፤ ገበሬዎቹ ዘፈኑ፤ አለቀ። መኪናው የለም። አገርነሽ የለችም። የተቆረጠች መሆኗን አላወቅሁም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ያመለጠችኝ መሰለኝ።

ከዚያ ተውኔቱ። ክንዱ ካባውን ደርቦ ገባ። አዳራሹ እንደ ልማዱ አፏጨበት። ገረፈ። አስለቀሰ። መጨረሻው ደረሰ። የገበሬዎቹ መሪ የሚሆነው አክተር ጣቱን ቀሰረበት።

«አንተ በዝባዥ! ተንበርከክ! ለሕዝቡ ተናገር!»

ክንዱ አልተንበረከከም።

ከመጋረጃው ጀርባ ቃሉን ሹክ አሉት። እንደገና ሹክ አሉት፤ እኛ ጋ ሁሉ ተሰማ። «ረሳው እማ!» አልሁ። ከንፈሬን አንቀሳቅስለት ጀመር፤ ዋሸሁ፣ ሰፊው ሕዝብ ሆይ፣ እያልሁ፤ ከዚያ ሆኖ የሚያየኝ ይመስል። እናቴ አፌን ያዘችው። ዳዊት በልጅነቱ በቃሉ የጨረሰ ሰው አምስት ቃል አይረሳም።

ካባውን አወለቀ። አጠፈው፤ ቀሳውስት ልብሰ ተክህኖ እንደሚያጥፉት፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥሞ። መሬት ላይ አኖረው። አለንጋውን ከላዩ አጋደመ። ከዚያ በፊት ለፊቱ ደረጃ ወረደ፤ አክተር በማይወርድበት። በእንግዶቹ ፊት አለፈ። ጓድ አለበል ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ክንዱ አላየውም። ወደኛ መጣ። ሸማኔዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት። ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

መድረኩ ላይ አክተሮቹ ደርቀው ቀሩ።

«ቀጥሉ» አላቸው ክንዱ። ድምፁ የባላባቱ አይደለም። የቤቱ ድምፅ ነው። «አንተ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል። ፊትህ አይታይም።»

የገበሬዎቹ መሪ፣ እግዜር ይስጠው፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አለ።

ቀጠሉ። ምን ያድርጉ? ሰፊው ሕዝብ ለታጠፈ ካባ ተንበርከክ፣ ተንበርከክ ሲል አመሸ።

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠብቀው ወሰዱት። እኔም በዚያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር፤ አልሮጥሁም።

ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ፋብሪካው ውስጥ ጥጥ ተሸካሚ አደረጉት። መድረክ ውጣ ብለው ስንቴ ለመኑት፤ አልወጣም። ካሜራ የያዘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እሱም ለሰርግ። ሙሽራዋን ወደ ብርሃኑ ጠጋ በይ ሲላት አማቶቹ ሳይቀሩ ይጠጋሉ።

በታሰረ በሳምንቱ እናቴ ስንቁን በፎጣ ቋጥራ ይዛኝ ሄደች። መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ተቆጥታዋለች አልሁ። ልጅ አለችን ብላው የለ? በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ከሱ ያረጀ።

«ለማን ነው?»

«ለክንዱ ወልደ ዮሐንስ።»

ጠባቂው ሳቀ። «አሃ! ለባላባቱ!»

እናቴ ይህን ስም ስትሰማ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው። ፎጣውን መሬት አስቀመጠች።

«እዚህ ባላባት የለም።»

«ኧረ እሜቴ፣ ከተማው ሁሉ ባላባቱ አይደል የሚለው?»

«ከተማው አያውቅም። ወንድሜ የፊልም ዳይሬክተር ነው።»

«ዳይሬክተር! ስንት ፊልም ሠራ በሉ?»

«አንድ።»

«የታለ? እኔ አላየሁትም።»

«ጓድ አለበልን ጠይቃቸው» አለች እናቴ። «መሃሉ ላይ አሉበት።»

ልጁ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ግራ ቀኙን አየ። ወሬው እሱም ጋ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ፎጣውን ከመሬት ብድግ አደረገና ወደ ግቢው ዞረ። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዳይሬክተሩ! ስንቅ መጥቷል!»